ከማካዳሚያ ዛፍ ሥር የወደቀውን ፍሬ ስለ መልቀም

ማካዳሚያ የሚባለው ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ ኬንያ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. ሲሆን፥ የተተከለውም በቲካ ከተማ አጠገብ ነበር። ዛሬ በሙራንጋ፥ በኪሪንያጋ፥ በኤምቡና በሜሩ የሚኖሩ ብዙ ባላገሮች በግቢያቸው ወይም በቡና ተክላቸው መካከል ጥቂት ዛፎች አሏቸው። ከዛፉ ሥር የሚለቀመውም ፍሬ ለቤታቸው የገንዘብ ምንጭ ሆኗል።

የዚህ ፍሬ ጠባይ ከሌላው ይለያል። ቡና ሲደርስ ይቀላል፤ ሙዝም ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ማካዳሚያ ግን ቢደርስም ባይደርስም ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። መድረሱን በእርግጥ የሚያስታውቀው ዛፉ ራሱ ነው፤ ይኸውም ፍሬውን ወደ መሬት ሲጥለው ነው። ስለዚህ ዛፉን መነቅነቅ ወይም በበትር ማራገፍ የደረሰውን ካልደረሰው ጋር አደባልቆ ማውረድ ይሆናል። በርግጥ ፍሬያቸውን ቶሎ የማይለቁ አንዳንድ ዐይነቶች አሉ። የእነዚህ ባለቤት አንድ ፍሬ ቈርጦ ልጣጩን ይክፈት፤ የልጣጩ ውስጥ ነጭ ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ከሆነና ቅርፊቱም ጠንክሮ ከጠቈረ ደርሷል።

ባላገሩ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ያለጊዜው የሚያወርደው። ነጋዴው ወቅቱ ሳይደርስ ገንዘብ ይዞ ከደጁ ይቆማል፤ ሌባውም በሌሊት ከዛፉ ሥር ይገኛል፤ ችግርም አለ። ነገር ግን ያልደረሰ ፍሬ ዘይቱ ገና አልሞላም። በደንብ የደረሰው ፍሬ ከክብደቱ 72 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ዘይት ስላለው፥ ከቅርፊቱ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ይንሳፈፋል፤ ያልደረሰው ይሰጥማል፥ ሲቈላም ይጠቍራል፥ ይጠነክራልም። በአንድ ጆንያ ውስጥ ጥቂት እንዲህ ያለ ቢገኝ የጆንያው ሁሉ ዋጋ ይወርዳል። ጉዳቱም ካራገፈው ሰው አልፎ ታግሦ የለቀመውን ጎረቤቱንም ያገኘዋል።

ፍሬው ከወደቀ በኋላ ግን ትዕግሥቱ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው። እርጥብ መሬት ላይ የሰነበተ ፍሬ ይሻግታል ወይም ይበቅላል፤ ከአይጥም አይተርፍም። ስለሆነም መውደቅ ከመጀመሩ አስቀድሞ ከዛፉ ሥር ያለውን ሣር ማጨድና አሮጌውን ፍሬ ጠርጎ ማስወገድ ይገባል። ከብት እዚያ እንዳይውል፥ ትኵስ ፍግም እንዳይበተን መጠንቀቅ ነው። ለቀማው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፥ በዝናብ ወራት ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቢሆን ይመረጣል።

የተለቀመው ፍሬ አረንጓዴው ልጣጩ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊላጥለት ይገባል። ልጣጩን እንደ ለበሰ ተከምሮ ቢያድር ክምሩ ከውስጥ ይግላል፤ ፍሬውም ይበላሻል። ብዙ ምርት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ከለቀሙ በኋላ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ገዢ እስኪመጣ ማቆየት እንደ ጥንቃቄ ይቈጠራልና። የተላጠው ፍሬ ሲወድቅ እስከ 25 በመቶ ወይም ከዚያ የሚበልጥ እርጥበት ሊኖረው ይችላል። ይህ ወደ 10 በመቶ ግድም እስኪወርድ ድረስ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፥ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ ሳሳ አድርጎ አስጥቶ በየጊዜው ማገላበጥ ነው። ፀሐይ ያፋጥነዋል ብሎ ደጅ ላይ ማስጣት ቅርፊቱን ያሰነጥቃል፥ የዘይቱንም ጣዕም ያበላሻል። የቀረውን ማድረቅ የፋብሪካው ሥራ ነው።

የተላጠው ልጣጭ ሲበሰብስ ለዛፉ ማዳበሪያ ይሆናል። ውሻ ያለው ሰው ግን ልጣጩን ሲጥል የተሰበረ ፍሬ አብሮ እንዳይወድቅ ያስተውል፤ ለሰው የተስማማው ይህ ፍሬ ጥቂቱ እንኳ ውሻን ያስታውከዋል፥ የኋላ እግሮቹንም ያዝለዋል።