የቫይረስ መጠን ምርመራና ተጓዳኝ ዲ.ኤን.ኤ.

የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ የኩታበር ወረዳ ነዋሪ ለቫይረስ መጠን ምርመራ ደም ሲሰጥ ውጤቱ በዕለቱ የማይደርሰው ናሙናው ወደ ሞለኪውላር ላቦራቶሪ መላክ ስላለበት ነው። በአካባቢው ይህን ምርመራ የሚያካሂደው በደሴ የሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ነው።

ቫይረሱ የዘር መረጃውን የሚይዘው በአር.ኤን.ኤ. ነው። ይህ ሞለኪውል በቀላሉ ስለሚበላሽ ፕላዝማው በሰዓታት ውስጥ ከደሙ ተለይቶ በቅዝቃዜ ይጓዛል። የፒ.ሲ.አር. ሂደት ደግሞ የሚያባዛው ዲ.ኤን.ኤ.ን ብቻ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ አር.ኤን.ኤ.ው ከፕላዝማው ይወጣል፤ ፕራይመር የተባለ አጭር መነሻ ይያያዝበታል፤ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተሰኘው ኢንዛይም ከዚያ ተነሥቶ የአር.ኤን.ኤ.ውን ፊደላት እየተከተለ ጥንዶቻቸውን ይደረድራል። የተገኘው ክር ተጓዳኝ ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል። ክሩ ሲባዛ ከሚታየው ብርሃን በመነሣት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የቫይረስ ቅጂ ይሰላል።

ኢንዛይሙን ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በ1970 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው አግኝተውታል። ኤች.አይ.ቪ. ራሱም በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚራባው በዚሁ ኢንዛይም ተጓዳኝ ዲ.ኤን.ኤ. ሠርቶ ከሕዋሱ የዘር መረጃ ጋር በማዋሐድ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሚያግዱት ይህንኑ ሥራ ነው፤ ላቦራቶሪው ለመቁጠር የሚጠቀምበትን መሣሪያ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ያስቆመዋል።

ከፍ ያለ ቁጥር የታየበት ተገልጋይ ሕክምናው ከሽፏል ተብሎ ወዲያው አይደመደምም፤ በአብዛኛው ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ምክር ተሰጥቶት ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገምለታል። «ቫይረሱ አልታየም» የሚለው ውጤትም ከሰውነት ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ቀድሞ ወደ ሕዋሳት የገባው ቅጂ በዚያው ስለሚቆይ መድኃኒቱ አይቋረጥም።