በማዕረግ መመረቅ ሲባል...

የሥራ ማመልከቻ የሚያገላብጥ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያጋጥመዋል። ከአገራችን ዩኒቨርሲቲ የወጣው አመልካች «በግሬት ዲስቲንክሽን ተመርቄያለሁ» ይላል። አሜሪካ ተምሮ የመጣው ከዲግሪው ጎን «ኦነርስ» ብሎ ይጽፋል። የእንግሊዙም «ኦነርስ» ነው፤ የደቡብ አፍሪካውም እንዲሁ። እኛ ሁሉንም «በማዕረግ የተመረቀ» ብለን በአንድ ጆንያ እንከታለን። በምሠራበት መሥሪያ ቤት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ስለምቀመጥ፣ ይህች ቃል ደጋግማ ስታከራክረን አያለሁ። ለመሆኑ ማዕረጉ የምን ማዕረግ ነው?

የእንግሊዙ ቀላል ነው። እዚያ ኦነርስ ማለት አብዛኛው ተማሪ የሚይዘው መደበኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን፣ ጉብዝናው የሚለካው «ፈርስት» ወይም «ሰከንድ» በሚለው ደረጃ ነው። በደቡብ አፍሪካ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው። የእኛው ዲስቲንክሽን ደግሞ የውጤት ድምር ነው፤ ተማሪው በየፈተናው ያገኘው ነጥብ ተደምሮና ተካፍሎ የሚሰጠው ስም።

የአሜሪካው ነው ማብራሪያ የሚሻው። እዚያም በውጤት ብቻ የሚሰጥ፣ በላቲን ቃል የሚጠራ ማዕረግ አለ። ከዚያ ሌላ ግን በብዙ ኮሌጆች «የትምህርት ክፍል ኦነርስ» የሚባል አለ፤ ይህኛው ያለ ጥናት አይገኝም። ጥሩ ውጤት ያለው ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ አማካሪ ይፈልጋል፣ ፕሮፖዛል ያቀርባል፣ አራተኛ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይሠራል፣ በመጨረሻም ሁለት ሦስት መምህራን ፊት ቀርቦ ይሟገታል። ካልፈለገ ይተወዋል፤ ዲግሪውን ያለ ኦነርስ ይወስዳል። (ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ግን ከሞላ ጎደል ተማሪውን ሁሉ የመመረቂያ ጥናት ያጽፋል።)

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ነጥብ የሚነግረን ተማሪው ሌላ ሰው ያወጣውን ጥያቄ፣ መልሱ ቀድሞ የታወቀውን ጥያቄ፣ እንዴት እንደመለሰ ነው። ጥናቱ የሚነግረን መምህሩም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ፊት ብቻውን ሲቆም ምን እንዳደረገ ነው።

«የሃያ ዓመት ልጅ ምን አዲስ ነገር ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1939 የኤምአይቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የነበረው ሪቻርድ ፋይንማን፣ በፕሮፌሰር ጆን ስሌተር አማካሪነት በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ በሞለኪውል ውስጥ ባሉ አተሞች ላይ የሚያርፈውን ኃይል በቀላሉ የማስያ መንገድ አሳየ። ሥራው በዚያው ዓመት ታትሞ ወጣ። ጀርመናዊው ሃንስ ሄልማን ቀደም ብሎ በራሱ መንገድ ደርሶበት ስለነበር ዛሬ የሁለቱንም ስም ይዞ ይጠራል፤ የሞለኪውልን ቅርጽ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ኬሚስቶች አሁንም ይገለገሉበታል። ፋይንማን ያኔ 21 ዓመቱ ነበር።

በማኅበራዊ ሳይንስም እንዲሁ ነው። ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1940 ለሃርቫርድ ያቀረበው የኦነርስ ጽሑፍ እንግሊዝ ለጦርነት ሳትዘጋጅ የቆየችበትን ምክንያት የመረመረ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። (አባቱ በለንደን የአሜሪካ አምባሳደር መሆናቸው አልጎዳውም!) ዌንዲ ኮፕ ደግሞ በ1989 በፕሪንስተን የመመረቂያ ጽሑፏ፣ ጎበዝ ምሩቃን በድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት እንዲያስተምሩ የሚያደርግ ድርጅት ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበች። በቀጣዩ ዓመት ወደ 500 የሚጠጉ መምህራን ተሰማሩ። ቲች ፎር አሜሪካ የሚባለው ድርጅት አመጣጡ ይህ ነው።

እርግጥ እነዚህ የተመረጡ ናቸው፤ አብዛኛው የኦነርስ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ቢቀርም ተማሪው የሚያልፍበት መንገድ ዋጋ አለው፤ መንገዱም እንደየሙያው ይለያያል። የባዮሎጂው ወይም የኬሚስትሪው ተማሪ ጥያቄውን የሚያገኘው ከመምህሩ ላቦራቶሪ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ጥናት ትንሽ ቁራጭ ይሰጠዋል። ኤምአይቲ ይህንን አሠራር በ1969 በማርጋሬት ማክቪካር መሪነት በፕሮግራም መልክ አቋቋመው። የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽንም ከ1987 ጀምሮ ተማሪዎች ክረምቱን አበል እየተከፈላቸው በጥናት እንዲያሳልፉ ያደርጋል። የታሪክ፣ የሶሲዮሎጂ ወይም የኢኮኖሚክስ ተማሪው ግን ጥያቄውን ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው የሚወልደው። ሰውን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ አንድም ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ቢሮክራሲ አይደለም። በአላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች ለ40 ዓመት ሕክምና ተነፍገው ሲጠኑ መኖራቸው በ1972 ከተጋለጠ በኋላ፣ በ1974 በወጣ ሕግ የተተከለ ሥርዓት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። እኛ ዘንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የጥቂቶች ምርጫ ሳይሆን በብዙ የትምህርት ክፍሎች የሁሉም ግዴታ ሆኖ የኖረ ነው። ፍሬም አፍርቷል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለቢኤ ዲግሪ የጻፏቸው ጽሑፎች፣ ማንም ያልጻፈላቸውን የአውራጃ ገዥዎች፣ ገበያዎችና ከተሞች ታሪክ ከሽማግሌ አፍ ሰብስበዋል። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ምንጮች የተመለከተ ሰው እነዚህን የቢኤ ጽሑፎች እዚያ ያገኛቸዋል። ያን ጊዜ መረጃ የሰጡት አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የተናገሩት የቀረው አንድ ተማሪ በመዘገበው ገጽ ላይ ነው።

ታዲያ አሁን ምን ሆነ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሲደርሱ የተማሪው ቁጥር አደገ፤ አንድን ልጅ አስቀምጦ ረቂቁን መስመር በመስመር የሚያርም አማካሪ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ክፍተቱን ገበያው ሞላው። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባሉ ምሰሶዎች ላይ «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ያላየ ካለ እጁን ያውጣ! «ማማከር» ምን ማለት እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቁታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆነ። ፈተናውን አልቃወምም፤ የዲግሪ ዋጋ በወረደበት ጊዜ አንድ ወጥ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። ሆኖም ፈተናው የሚለካው ያንኑ፣ መልሱ የታወቀውን ጥያቄ ነው። ተማሪውም መምህሩም በመጨረሻው ዓመት ዓይናቸው ፈተናው ላይ ሲያርፍ፣ የሚገፋው ነገር ጽሑፉ እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

በእኔ አስተያየት፣ ሁሉም ይጻፍ ከማለት ይልቅ ለሚፈልጉትና ለሚችሉት በትክክል ማጻፍ ይሻላል። አንድ መምህር ሦስት ተማሪ ቢይዝ ማንበብ ይችላል፤ ብዙ ከያዘ ይፈርማል። በጥናት የሚገኘው ማዕረግ በውጤት ከሚገኘው ተለይቶ በትምህርት ማስረጃው ላይ ቢሰፍር ደግሞ ቀጣሪው ምን እንደያዘ ያውቃል። እርግጥ የመምህራን ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ያለ በጀት ይህ ምኞት ብቻ ይሆናል።

ሌላው ባለድርሻ እኛው ነን፣ በየቢሮው የምንቀመጠው። «ትብብር እንዲደረግለት» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤና ስድስት ገጽ መጠይቅ ይዞ የሚመጣውን ተማሪ ሁላችንም እናውቀዋለን። «አስቀምጥና ሰኞ ና» እንለዋለን፤ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት በአምስት ደቂቃ «እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ በጣም እስማማለሁ» እያልን ምልክት እናደርጋለን። ከዚያ ቆየት ብለን «የአገራችን ጥናት አይታመንም» ብለን እናማለን።

እኔ መጠይቁን የምሞላው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ይመጣልኛል። እስካሁን ቃላቸውን ጠብቀው ያመጡልኝ ሦስት ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ የሶሲዮሎጂ ተማሪ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንት ዕቁብ እንዳለና ማን ከማን ጋር እንደሚጥል ቆጥራ ጽፋ ነበር። አምስት ናቸው አለች። እኔ የማውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር።