ለእንግዳ የማይነገር

መጀመሪያ ስም ይወጣላችኋል። ገና ሻንጣችሁን ሳታወርዱ።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የሚመጣ ሁሉ የምልክት ስም ይሰጠዋል። ፈረንጁ ስም ባገኘ ቀን ፎቶ ይነሳል፣ ለእናቱ ይደውላል፣ «ተቀበሉኝ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቅ መሃል ገብቼ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ለአንዷ «ፈገግታሽ ያምራል ማለት ነው» እላለሁ። ልጆቹ ከኋላዬ ይፍነከነካሉ።

ጠጋ በሉ። ፈገግታ አይደለም፤ ጥርስ ነው። የሌላዋ አፍንጫ ነው። አንድ ቁመተ ረጅም ጎረምሳ ነበር፣ በገባ በወጣ ቁጥር ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር የሚያላትም። ስሙ መዳፍን ግንባር ላይ መታ ማድረግ ሆኖ ቀረ። እሱ «ብልህ» ማለት እንደሆነ ተነግሮት በደስታ ነው የሄደው። ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ መምህራኑም አንተርፍም። የኔን ግን አልነግራችሁም።

እንግሊዛዊ ሲመጣ ደግሞ ሠርግ ነው። እንግሊዞች ፊደላቸውን በጣት ሲጽፉ ሁለቱንም እጅ ይጠቀማሉ፤ የኛ ልጆች አንድ እጅ ይበቃቸዋል። እንግዳው ስሙን ለመጻፍ ሁለት እጁን ሲያማታ ማየት ለነሱ ሲኒማ ነው። አሜሪካዊው ትንሽ ይሻለዋል። የኛ የምልክት ቋንቋ ሚሲዮኖች ካስጀመሯቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ከአሜሪካው ብዙ ወስዷልና፣ ግማሽ ግማሹን ይግባባና ደረቱን ይነፋል። እስከ ሀሁ ነው ታዲያ። አንድ የእጅ ቅርፅ ይሰጡትና በሰባት ዓይነት እንቅስቃሴ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያስኬዱበታል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ክንዱን ይዛ ስታርመው፣ ማን ማንን ሊያስተምር እንደመጣ እናንተው ፍረዱ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገራችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ልጆቻችሁን «ክረምት ላይ እናት አገሩን ያገልግል» ብላችሁ ስትልኩ አንድ ነገር አስባችሁ ታውቃላችሁ? እነሱ እረፍት የሚያገኙት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እኛ ዝግ ነን! ታዲያ ፎቶው ላይ የሚታዩት ተማሪዎች ከየት መጡ? አገራቸው ርቆባቸው ወይም የሚወስዳቸው ጠፍቶ አዳሪ ቤት የቀሩት ናቸው። ለነሱ «የክረምት ፕሮግራም» የሚባል ይዘጋጃል፤ ኳስ፣ በምልክት የሚዘመር መዝሙር፣ ቀለም ቅብ።

ቀለሙን አታንሱብኝ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ያስተማርኩት ዐይነ ሥውራንን ነበር። አንዱ ቡድን መጥቶ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የሚያምር ቀስተ ደመና ሣለ። እግዜር ይስጣቸው። ጭላንጭል ያላቸው ጥቂት ልጆች ወደዱት፤ የቀሩት የገማቸው ሽታው ብቻ ነው። በነጋታው ግን ከቡድኑ አንዷ፣ ዝምተኛዋ፣ «በዚህ በተረፈው ቢጫ ምን ላድርግ?» አለችኝ። መጠየቋ! የደረጃውን ጠርዝ ቀቢልኝ አልኳት። ጭላንጭል ላለው ልጅ የእርከኑ ጠርዝ በደማቅ ቀለም ሲለይለት እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ቀስተ ደመናው በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ቡድን ሥዕል ተሸፈነ፤ ቢጫዋን ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1962 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ከ270 በላይ ሆነው አገራችን ሲገቡ የፈረሙት ለሁለት ዓመት ነው፤ ክፍል ገብተው የሚያስተምሩ። ሁለት ዓመት ስትቆዩ ጤፍና ሽሮ ብቻ ሳይሆን ስብሰባችንም ይሰለቻችኋል፤ ያኔ ነው ሥራ የሚጀመረው። እንዲህ ያለች አንዲት ጀርመናዊት ነበረችን። ዓመት አልፏታል፣ ምልክቱን እንደኛ ታውቃለች፣ ሐሜቱንም ጭምር።

በደህናው ጊዜ፣ መንገዱ ሳይከፋ፣ አንድ ተማሪያችንን ለክረምት ሰላ ድንጋይ ልናደርስ አብረን ሄድን። ከጣርማበር የደሴውን መንገድ ትታችሁ በመዘዞ ነው የሚደረሰው፤ ብርዱን እዚያ የደረሰ ያውቀዋል። ሰላ ድንጋይ ለጀርመን አዲስ አይደለም ብዬ አሳቅኳት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መቀመጫቸው እዚያ በነበረ ጊዜ፣ ክራፍ የሚባለው ያገሯ ሚሲዮን በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያቀና በዚያው አልፏል።

ለምን ከዚያ ድረስ ልጅ ይመጣል ትሉኝ ይሆናል። ዐይነ ሥውር ቢሆን ቢያንስ የኔታ ነበሩለት፤ ዜማውም ቅኔውም በቃል የሚዘለቅ ነውና የቤተ ክህነቱ ትምህርት ስንቱን ዐይነ ሥውር ለመሪጌትነት አብቅቷል። በቃል የሚሰጥ ትምህርት መስማት ለተሳነው ምን ያደርግለታል? ስለዚህ እንደተገኘ ሩቅ ይላካል።

ልጆቹ የሚያለቅሱት ፈረንጅ ሲሸኙ ይመስላችኋል፣ አይደል? ቪዲዮው ላይ እንደዚያ ነው። እውነተኛው ለቅሶ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ ቤተሰብ ሊወስዳቸው በር ላይ ሲቆም። ዓመቱን ሙሉ ሲያወራ፣ ሲጣላ፣ ሲቀልድ የከረመ ልጅ፣ ምልክት የሚያውቅ ሰው ወደሌለበት ቤት ነው የሚገባው። የዚህ ልጅ እናት ራሷ የፈጠረቻቸው ጥቂት ምልክቶች ነበሯት፤ ብላ፣ ና፣ ከብቶቹ፣ ተኛ። በቃ።

ጀርመናዊቷ መዝሙር አላስዘመረችም። ምድጃው ዳር ከታናሽ እህቱ ጋር ተቀመጠችና ሦስት ጥያቄ አስተማረቻት፦ ምን ሆንክ? ማን መታህ? የት ያምሃል? ትንሿ በአንድ ምሽት ያዘችው። እናትየው ከምጣዱ ቀና ብላ ስታይ ቆየችና እጇን በመቀነቷ ጠርጋ፣ የመጨረሻዋን ራሷ ሞከረች። የት ያምሃል? ልጁ ጥርሱን አሳያት። ከፋሲካ ጀምሮ ነበር የሚያመው፤ እኛም አላወቅንም። ሪፖርቱ ላይ ይህ ሁሉ «የመስክ ጉብኝት» ተብሎ በአንድ መስመር አለፈ።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን የንብረት ክፍሉን ጉድ ልንገራችሁ። እንግዶቻችን ማዳመጫ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጆቹ ጆሮ ላይ ሰክተው ፎቶ ይነሳሉ። ባትሪው ትንሽ ክብ ነው፣ ተለጣፊዋ አንዴ ከተነቀለች በአየር መሥራት ይጀምርና መሣሪያው ቢጠፋም ይሟጠጣል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። እንግዳው አውሮፕላን ሲሳፈር ባትሪው አልቋል፣ ማዳመጫው መሳቢያ ገብቷል። ድሮ የነበርኩበት የዐይነ ሥውራኑ ትምህርት ቤት የብሬይል መጻፊያ ማሽን ዕጣም ከዚህ አይሻልም። ያ ከባዱ ፐርኪንስ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ወጪ የሚሆንበት ሞዴል 22 ግን ፊርማ ይፈልጋል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ «ልጆቹ ይሰብሩታል» የሚልም አይጠፋም። ማሽኑ በካርቶኑ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ ይኖራል፤ ልጆቹ በስሌትና በስታይለስ፣ ወፍራም ወረቀት ሲያልቅም ባለፈው ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ይወጋሉ።

ስለዚህ ልትመጡ ካሰባችሁ፣ ወይም ልጅ ልትልኩ፣ በመስከረም ይሁን። ያረጀ ካላንደር ሰብስቡ፤ ባትሪውን በደርዘን ያዙ። ርዕሰ መምህሩን ሰላም ካላችሁ በኋላ ቀጥታ ወደ ንብረት ክፍሏ ሴትዮ ሂዱ። ቁልፉ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ቡና ትወዳለች፣ ያለ ስኳር። እኔ ነገርኳችሁ እንዳትሉ።