ሰኔ 30 እና ሦስቱ ፕሮፎርማዎች፦ የክልል የመንግሥት ግዥ ማሻሻያ ከየት ይጀመር?

የመንግሥት ግዥ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የጨረታ ሳጥን፣ የታሸገ ኤንቨሎፕና ሙስና ነው። እኔም ለተግባር ልምምድ በምዕራብ ሸዋ ወደሚገኝ አንድ የወረዳ ገንዘብ ጽ/ቤት እስክመደብ ድረስ የማስበው እንዲሁ ነበር። የደረስኩት በሰኔ ወር ነው። ኮሪደሩ በግዥ መጠየቂያ ተሞልቷል፤ ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና ሁሉም «ቶሎ ግዙልን» ይላል። ከወረቀቶቹ መካከል አንድ ትምህርት ቤት በኅዳር ያስገባው ደብዳቤ አለ። «40 የተማሪ ዴስክ እንዲገዛልን» ይላል፣ ሌላ ዝርዝር የለውም። በሰኔ ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ቀን ተሰበሰበ፣ ትንሹ ዋጋ ተመረጠ፣ ከሰኔ 30 በፊት ተከፈለ። መስከረም ላይ ዴስኮቹ ይነቃነቁ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶ ልጆቹ በደህናዎቹ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀመጡ።

አንድ ነባር የግዥ ባለሙያ «ጋሼ፣ ታዲያ ይኼ ጥፋቱ የማነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ሕጉን አልጣስንም። ጊዜውን ነው የጣስነው» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ይህችን መልስ ለማብራራት የሚሞክር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች የራሳቸውን በጀት ያዘጋጃሉ፣ ያስተዳድራሉ። ስለዚህ ግዥያቸውንም የሚመሩት ራሳቸው በሚያወጡት ሕግ ነው። አሠራሩ ግን በአብዛኛው የፌዴራሉን ፈለግ የተከተለ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 430/1997 ወደ አዋጅ ቁጥር 649/2001፣ ከዚያም ወደ አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተሸጋግሯል። አዋጅ 649 ስድስት የግዥ ዘዴዎችን ዘርዝሮ ነበር፦ ግልጽ ጨረታ፣ በመወዳደሪያ ሐሳብ መጠየቂያ የሚፈጸም ግዥ፣ ባለሁለት ደረጃ ጨረታ፣ ውስን ጨረታ፣ በዋጋ ማቅረቢያ የሚፈጸም ግዥና ቀጥታ ግዥ። ከእነዚህ ውስጥ ግልጽ ጨረታ መደበኛው ነው፣ ሌሎቹ በምክንያት የሚፈቀዱ ናቸው።

በየወረዳው «ፕሮፎርማ» የምንለው ያ በዋጋ ማቅረቢያ የሚፈጸመው ግዥ ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መመሪያ ለዕቃ ግዥ ጣሪያው 100,000 ብር ነበር። ዘዴው ለአነስተኛና ለማያዳግም ግዥ ጥሩ ነው። ችግሩ ጊዜ ያጠረበት ሰው ሁሉ መሸሸጊያ ማድረጉ ነው። አንዱን ግዥ ቆራርጦ ከጣሪያው በታች ማውረድ የተከለከለ ቢሆንም በጥድፊያ ጊዜ ፈተናው ከባድ ነው።

ሕጉ የሚሰበረው የት ነው?

በኦሮሚያና በሌሎች ሦስት ክልሎች ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቅል በጀት ወደ ወረዳ ወርዷል። በወረዳ ደረጃ ደግሞ በተለምዶ «ፑል» በሚባለው አሠራር ጥቂት የሂሳብና የግዥ ሠራተኞች ብዙ ጽ/ቤቶችን ያገለግላሉ። የሰው ኃይል ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ወር ከመጣ ይታነቃል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተሠራበት የመንግሥት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። አንድ ግልጽ ጨረታ ደግሞ ማስታወቂያ፣ መክፈቻ፣ የቴክኒክና የዋጋ ግምገማ፣ የቅሬታ ጊዜ፣ ውልና ርክክብ አለው፣ ተደማምሮ ወራት ይፈጃል። ጥያቄው በሚያዝያ ከመጣ ጨረታ አይደርስም። የግንባታ ሥራ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ውሉ ሲፈረም የአምቦና የጉደር ክረምት ይገባል። እንግዲህ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ መዘግየቱ ሁሉ የባለሙያ ስንፍና አይደለም። ገንዘቡ በየወሩ ተከፋፍሎ ይለቀቃል፣ አንዳንዴም ይዘገያል። ዋጋ ሲንር ያሸነፈው ነጋዴ ራሱ ጥሎ ይሄዳል። ዕቅድ ብቻውን ብር አይወልድም። ግን ዕቅድ ከሌለ የተገኘውም ብር ዴስክ አይሆንም።

ኮምፒዩተሩስ?

ፌዴራል መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በጥቂት መሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ ግዥ ጀምሮ ቀስ በቀስ አስፍቶታል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመሳሳይ ሥርዓት ሥራ ላይ አውላለች፣ ሩዋንዳም «ኡሙቾ» የሚባል አላት። ጥቅሙ አያከራክርም። የአምቦ ነጋዴ ለአንድ የጨረታ ሰነድ ብሎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መውጣት አይኖርበትም፤ ማን መቼ ምን እንዳስገባም መዝገቡ ይናገራል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ያልታቀደን አያቅድም፣ ያልተጻፈን ስፔሲፊኬሽን አይጽፍም። «40 ዴስክ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በኢንተርኔትም ቢጠይቅ የሚነቃነቅ ዴስክ ነው የሚያገኘው።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ማሻሻያው ከሦስት ቀላል ነገሮች መጀመር አለበት።

አንደኛ፣ የግዥ ዕቅድ። ሕጉ ያዘዋል፤ ግን ብዙ ጊዜ ለፋይል ይሠራል። ከበጀት ጥያቄው ጋር አብሮ ይዘጋጅ፣ በሩብ ዓመት ተከፍሎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ያኔ የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ራሱ «የኅዳሩ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ የጋራ ስፔሲፊኬሽንና የማዕቀፍ ስምምነት። ዴስክ፣ ወረቀትና ቶነር በየዓመቱ የሚገዙ ናቸው። የእንጨቱ ውፍረት፣ የብረቱ ዓይነትና የዴስኩ ቁመት በዞን ደረጃ አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ ዋጋው በጨረታ ተወስኖ፣ ወረዳዎች በፈለጉ ጊዜ ቢያዙ ሰኔ አያስጨንቅም። ፌዴራል መንግሥት ለዚህ ዓይነቱ ግዥ በ2002 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር። እርግጥ ትልቅ ጨረታ የአምቦንና የጊንጪን አናጺዎች እንዳይገፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሎት መከፋፈልና በማኅበር ለተደራጁት በባንክ ዋስትና ፋንታ የአደራጃቸውን የዋስትና ደብዳቤ መቀበል አንዱ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛ፣ ርክክብ። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 የሚቆረጠው ተቆጥሮ ብቻ መሆን የለበትም። የሚጠቀምበት መምህር ወይም ርዕሰ መምህር ቆሞ፣ ከስፔሲፊኬሽኑ ጋር አመሳክሮ፣ ዴስኩን ነቅንቆ ይፈርም። አርባ ዴስክ ለመነቅነቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

እነዚህ ሦስቱ አዲስ አዋጅ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የሐምሌን ሥራ በሐምሌ መሥራትን ነው።

በመጨረሻ ለተግባር ልምምድ ለምትወጡ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። የግዥ ፋይል ሲሰጣችሁ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ዋጋው ነው። መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ፦ ጥያቄው መቼ ገባ? ፕሮፎርማው መቼ ተሰበሰበ? ክፍያው መቼ ተፈጸመ? እኔ ባየሁት ፋይል ላይ ከጥያቄ እስከ ፕሮፎርማ ሰባት ወር፣ ከፕሮፎርማ እስከ ክፍያ ጥቂት ቀናት ነበሩ። ፊርማው ሁሉ ሙሉ ነው፣ ማኅተሙም አለ። ዴስኩ ግን ይነቃነቃል።