ሁለቱ የጨው ትስስሮች

ከአፋር የጨው ሜዳ እየተፈለጠ በግመል ይወጣ የነበረው አሞሌ ለወሎ ደጋ ሰው ለረጅም ዘመን ማጣፈጫም ገንዘብም ነበር። አሞሌ ደረቅ ነው። ይሁንና ሲመቱት እንደ ብረት አይጎብጥም፤ ይፈረከሳል። ምክንያቱ ያለው አቶሞቹ በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው።

ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ በመጨረሻው እርከን ላይ ያለው ግን 1 ብቻ ነው። ክሎሪን ካሉት 17 ውስጥ 7ቱ በውጭኛው እርከን ላይ ናቸው፤ 8 ለመሙላት 1 ይጎድለዋል። ሶዲየም ያችን አንዷን ለክሎሪን ይለቃል። የሰጠው አዎንታዊ፣ የተቀበለው አሉታዊ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናሉ፤ ተቃራኒዎች በመሆናቸውም ይሳሳባሉ። ይህ አዮናዊ ትስስር ይባላል። በጨው ውስጥ እያንዳንዱ አዮን በ6 ተቃራኒ አዮኖች የተከበበ ስለሆነ ጨውን ለማቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል። ሲመታ ግን አንዱ ንብርብር ይንሸራተትና ተመሳሳይ ቻርጆች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ተገፋፍተውም ይለያያሉ።

ውሃ ሌላ ነው። ኦክስጅን 2፣ ሃይድሮጅን ደግሞ 1 ኤሌክትሮን ይጎድላቸዋል፤ ጨክኖ የሚለቅ የለም። ስለዚህ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት የወሎ ቦረና ገበሬዎች በመቀናጆ ጥማድ እንደሚያሟሉ፣ ኦክስጅንና እያንዳንዱ ሃይድሮጅን አንድ አንድ ኤሌክትሮን አዋጥተው ጥንዱን በጋራ ይይዛሉ። ይህ ኮቫለንት ትስስር ነው። ኦክስጅን ጥንዱን ወደ ራሱ ስለሚስብ የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጎን በመጠኑ አሉታዊ፣ ሌላው አዎንታዊ ይሆናል። የጨውን አዮኖች ከብቦ የሚያሟሟቸውም በዚሁ ነው። የኤሌክትሮን መጋራትን አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ፣ መስጠትና መቀበልን ጀርመናዊው ዋልተር ኮሰል ያብራሩት በአንድ ዓመት፣ በ1916 እ.ኤ.አ. ነበር።

ሁለቱ ትስስሮች በዛሬው የወጥ ጨው ውስጥ ተገናኝተዋል። በደጋው ተዳፋት ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ስለሚሄድ፣ ከአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት የቆየ የደገኛው ችግር ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው አስገድዷል። የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው፤ አንድ አዮዲንና ሦስት ኦክስጅን በኮቫለንት ትስስር ተያይዘው፣ ያ ቡድን ደግሞ ከፖታሲየም ጋር በአዮናዊ ትስስር ይያዛል።

ቀለል ያለው ፖታሲየም አዮዳይድ ለምን አልተመረጠም? በእርጥብ አየር አዮዲኑ ኤሌክትሮኑን ይነጠቅና ከሌላ አዮዲን ጋር ይጣመራል። በሁለቱ መካከል ያለው ትስስር ኮቫለንት ቢሆንም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡት በደካማ ኃይል ስለሆነ በቀላሉ ይተናሉ። አዮዴት ከዚህ ይሻላል፤ እርጥበት፣ ቆሻሻና ረጅም ሙቀት ሲበዛበት ግን እሱም ይፈርሳል። ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር የሚመከረው ለዚህ ነው።