ከአፈርሳታ እስከ አውጫጭኝ፦ በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ክፍል የየባህሉ ንባብ

የዋድላ ስም በቅኔ ትምህርት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ይነሣል። ቆሎ ተማሪው ከሩቅ አገር መጥቶ አፉን ባልፈታበት ግእዝ ቅኔ ይቆጥር ነበር። ዛሬ ደግሞ ከዋድላዋ ኮን የተነሣ ልጅ ትምህርት ሚኒስቴር ወደ መደበው ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከጅማ፣ ከጅግጅጋና ከጋምቤላ ከመጡ ልጆች ጋር ዶርም ይጋራል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ብዙዎቹ አንደኛ ደረጃን የተማሩት በየአፍ መፍቻቸው ስለሆነ፣ ለሁሉም እኩል ባዳ የሆነው እንግሊዝኛ ነው (የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጆችን ሳንቆጥር)።

ታዲያ አብረው ምን ያንብቡ? አሜሪካዊቷ ሉዊዝ ሮዘንብላት በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ትርጉም የሚወለደው አንባቢና ጽሑፍ ሲገናኙ ነው አለች። ሌላዋ አሜሪካዊት ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ለልጆች ራሳቸውን የሚያዩበት መስታወትም ሌላውን የሚያዩበት መስኮትም ይሁን ስትል፣ ያሳሰባት ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች በመጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን ማጣታቸው ነበር። በእኛ ክፍል ግን ያው ታሪክ ለአንዱ መስታወት፣ አጠገቡ ለተቀመጠው መስኮት ይሆናል።

የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምን «አፈርሳታ» እንውሰድ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው፤ በጉራጌ አገር የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፣ ገንዘቡ ይሰረቃል፣ የአገሩ ሰው ወንጀለኛውን ለማውጣት ሸንጎ ይቀመጣል። የወሎው ተማሪ ይህንን ሸንጎ በአገሩ ከሚያውቀው አውጫጭኝ ጋር ያስተያየዋል፤ የሶማሌው ወይም የኦሮሞው ልጅ የአገሩን ሽማግሌዎች ዳኝነት ያነሣል። ማን ይናገራል? ሴቶች የት ናቸው? መሐላው እንዴት ነው? ክርክሩ ሲጦፍ ሰዋስው የሚያስፈራው ተማሪ ሳይቀር አፉን ይከፍታል። የዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» (1973 እ.ኤ.አ.) ወደ ዝቋላ የሚደረግ የተሳላሚ ጉዞ ስለሚተርክ፣ የላሊበላን የገና ተሳላሚ እያየ ላደገ የላስታ ልጅ ቅርብ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ለጀማሪ ይከብዳል። የነጋ መዝለቂያ የጅግጅጋ የልጅነት ትዝታም በቅንጫቢ ይነበባል። ለመነሻ ግን እኔ የምመርጠው፣ ደራሲዋ ኤልዛቤት ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆና ከየክልሉ የሰበሰበቻቸውን ተረቶች ነው፤ አጭር ተረት በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል፣ ፎቶ ኮፒውም አይከብድም።

እንቅፋቱ ሌላ ነው። ንባቡ ምግብና አልባሳት ቆጠራ ከሆነ፣ ከባህል ቀን ትርዒት አያልፍም። መምህሩ ሲቸግረው በአማርኛ ሲያብራራ ደግሞ፣ አማርኛ የማይቀናው ልጅ ከውይይቱ ይወጣል። ፈተናው የሰዋስው ምርጫ ብቻ ከሆነማ፣ ተማሪው ተረቱን ትቶ ያምናውን የፈተና ወረቀት ቢሸመድድ አልፈርድበትም።