ኤችአይቪ፣ ዕድሜ እና የመርሳት ችግር፦ የቡድን ሕክምና እንዴት ሊረዳዎት ይችላል?

ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ዛሬ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። በአሜሪካ ኤችአይቪ እንዳለባቸው በምርመራ ከታወቁ ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ አንዳንዶቹ ነገር መርሳትና ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል ያጋጥማቸዋል። ይህ እብደት አይደለም፤ የእርስዎም ጥፋት አይደለም። እርዳታ አለ።

ምን ዓይነት ለውጦችን ልብ ልበል?

• መድኃኒትዎን መዋጥዎን ወይም አለመዋጥዎን አለማስታወስ
• ቀጠሮ ወይም የሚከፈል ሂሳብ መርሳት
• ድስት ጥደው መርሳት
• ሰው ሲያናግርዎ ጨዋታውን መከታተል መቸገር
• የሚያውቁት ቃል ወይም ስም አልመጣ ማለት
• ቀድሞ በቀላሉ ይሠሩት የነበረ ሥራ ረጅም ጊዜ መውሰድ

አንዳንድ ጊዜ ለውጡን ከእርስዎ በፊት የሚያስተውለው ቤተሰብዎ ነው።

ለምን ይከሰታል?

ኤችአይቪ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ አንጎል ይደርሳል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ቢቆጣጠረውም በአንጎል ውስጥ መጠነኛ ብግነት ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ቀደም ሲል የሲዲ4 ቁጥራቸው በጣም ወርዶ የነበረ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ሐኪሞች ይህን ችግር በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል “ሃንድ” ሲሉት ሊሰሙ ይችላሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ውጤታማ መድኃኒቶች ከመጡ ወዲህ ከባዱ ዓይነት በጣም ቀንሷል። አሁን በብዛት የሚታየው ቀለል ያለው ነው።

መርሳት ሁሉ ግን ከኤችአይቪ አይመጣም። ድባቴ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አልኮል፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቂጥኝ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር እና አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊያመጡት ይችላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ይታከማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ኪኒን ያስረሳኛል ብለው ቢጠረጥሩም በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

ምርመራው በቃላትና በቁጥር ጥያቄዎች የሚደረግ ከሆነ በአማርኛ እንዲሆን ይጠይቁ። በማይመችዎ ቋንቋ የሚደረግ ፈተና የእርስዎን ችሎታ በትክክል አያሳይም። ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማሩም ይንገሯቸው፤ ውጤቱ ሲተረጎም ግምት ውስጥ መግባት አለበት።

የቡድን ሕክምና ምንድን ነው?

ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ጥቂት ሰዎች በየሳምንቱ ከአንድ ባለሙያ ጋር ይገናኛሉ። ባለሙያው ሶሻል ወርከር ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። በቡድኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦

• ትኩረትንና ማስታወስን የሚያለማምዱ መልመጃዎች
• በአተነፋፈስ ሐሳብን ማረጋጋት፤ ጭንቀት መርሳትን ያባብሳልና
• ዘዴ መማር፦ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የኪኒን ሣጥን፣ የስልክ ማስታወሻ ደወል፣ ቁልፍን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማስቀመጥ
• እርስ በርስ መወያየትና መደጋገፍ

በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ የማረጋጋት ልምምድና የአእምሮ መልመጃ የተጣመሩበት እንዲህ ያለ ቡድን በአነስተኛ ጥናት ተሞክሯል። የቡድን ሕክምና በሽታውን አያጠፋም፤ የኤችአይቪ መድኃኒትዎንም አይተካም። ጥቅሙ ከችግሩ ጋር የዕለት ኑሮን ለመምራት መርዳቱና ብቸኝነትን ማቅለሉ ነው።

“ሰው ያውቅብኛል” ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። የአገር ልጅ በሚተዋወቅበት ከተማ ብዙዎች ኤችአይቪንም መርሳትንም ደብቀው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ የመርሳትን ችግር መደበቅ ኪኒን እንዲዘለል፣ ቫይረሱም መልሶ እንዲበዛ ሊያደርግ ይችላል።

• ሐኪሞች፣ ነርሶችና ክሊኒኩ ያቀረበልዎ አስተርጓሚ ምስጢርዎን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።
• የቡድኑ አባላት ምስጢር ለመጠበቅ ቃል ይገባሉ፤ እንደ ሐኪም ግን በሕግ ላይገደዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት የቡድኑን ደንብ ይጠይቁ።
• አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለዎት። የአካባቢዎን ሰው ካልፈለጉ በስልክ፣ ከሌላ ከተማ እንዲሆን ይጠይቁ። ልጅዎ እንዲያስተረጉም አይገደዱም።
• በቡድን መቀመጥ ካልፈለጉ ለብቻዎ ወይም በቪዲዮ የሚሰጥ አገልግሎት መኖሩን ይጠይቁ።

አሁን ምን ላድርግ?

1. ለአንድ ሳምንት የረሱትን ነገር በአማርኛ ይጻፉ።
2. የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውንም የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ ይዘው ወደ ክሊኒክ ይሂዱ።
3. “መርሳት እያስቸገረኝ ነው፤ ምርመራ እፈልጋለሁ። የቡድን ሕክምና አለ?” ብለው ይጠይቁ።
4. ክፍያ የሚያሳስብዎ ከሆነ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ስለሚረዳው የሪያን ዋይት ፕሮግራም ኬዝ ማናጀርዎን ያነጋግሩ።

በድንገት ግራ መጋባት፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ወዲያውኑ 911 ይደውሉና በእንግሊዝኛ “አምሃሪክ” (Amharic) ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል።